ጌም ጀምረን የማንጨርሰው ስለረዘመ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ምን ጌም ጨረስክ ብለህ ጓደኞችህን ጠይቅ፣ አብዛኛው መልስ የሚመጣው ስላልጨረሱት ነው። አንዱ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ምዕራፍ 3 ላይ አቁሞታል፣ ሌላው ዊቸር 3 ላይ ስኬሊጌ ደሴቶች ጋ ደርሶ ስራ በዝቶበት ትቶታል፣ ኤልደን ሪንግማ መጀመሪያ አካባቢ ያለው ማርጊት የሚባል ጠላት ላይ የቀረው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፣ ባልደርስ ጌት 3ን ደሞ ደጋግሞ እየጀመረ አንዴም ታሪኩ የሚያልቅባትን ከተማ ያላያት ሞልቷል። ምክንያቱ ምንድነው ስትል ሁሉም አንድ አይነት ነገር ነው የሚነግሩህ፣ ረዘመብኝ፣ ጊዜ የለኝም፣ ስልክ ትኩረቴን በላው። እኔ ግን ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፣ አብዛኞቹ እየተጫወቱ እያለ ሰልችቷቸው አይደለም የተዉት። ፈተና፣ ስራ፣ ሰርግ፣ ለቅሶ ምናምን መጣና ለተወሰነ ሳምንት አቆሙ፣ ጌሙን የተዉት ግን የተመለሱ ቀን ነው። ከፍተውት ግማሽ ሰዓት ታግለው ዘጉት፣ በቃ ከዛ በኋላ አልነኩትም። ስለዚ ለኔ ዋናው ጥያቄ ጌሙ ስንት ሰዓት ነው የሚለው አይደለም፣ ቆይቶ የመጣን ሰው እንዴት ነው የሚቀበለው የሚለው ነው፣ ይሄ ደሞ በሰሪዎቹ እጅ ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንየው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2005 ኤክስቦክስ 360ን ሲያወጣ አቺቭመንት የሚባለውን፣ ጌም ውስጥ የሆነ ነገር ስታሳካ የሚመዘገብልህን ምልክት፣ አብሮ አመጣ፣ የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት ስቲምም ተከተለ፣ ፕሌይስቴሽን ደሞ 2008 ላይ ትሮፊ ብሎ ጀመረ። ከዛ ወዲህ ተጫዋቹ የት ድረስ እንደሄደ የሚታይ ነገር ሆነ። ስቲም ላይ ጌሙን ባትገዛው እንኳን ስንት ፐርሰንቱ ሰው የመጀመሪያውን ቦስ፣ ማለት ትልቁን ጠላት፣ እንዳሸነፈ፣ ስንቱ መጨረሻውን እንዳየ ማየት ትችላለህ። ሁሉም ሰው የሚያወድሳቸው ትልልቅ የታሪክ ጌሞች ላይ ሳይቀር ቁጥሩ ከምዕራፍ ምዕራፍ እየሳሳ ይሄዳል። 2011 ላይ ሲኤንኤን በዚሁ ጉዳይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ራፕትር የሚባል የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ የሚከታተል አገልግሎት እንዳለው ከሆነ የመጀመሪያውን ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን የመጨረሻ ሚሽን የጨረሰው ከ10 ተጫዋች 1 ብቻ ነበር። ይሄ እኮ 2010 ላይ ወጥቶ ሽልማት ያፈሰ ጌም ነው፣ መጨረሻው ደሞ እስካሁን ድረስ የሚወራለት፣ እና ያን መጨረሻ 9ኙ አላዩትም ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ሁሉንም አይነግሩህም። ቅናሽ ላይ አግኝቶ ገዝቶ አስር ደቂቃ ከፍቶ የዘጋውም እዛ ውስጥ አለ፣ በየወሩ ተከፍሎ ብዙ ጌም የሚገኝበት ጌም ፓስ ላይ ይሄ ደሞ ምንድነው ብሎ ያወረደውም አለ። የኛ ሀገር ተጫዋች ደሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም። አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ነው፣ ብሩ ጁላይ 2024 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ወደ 10 ሺህ ብር መሆኑ ነው፣ ካርድ ይዘህ ኦንላይን መክፈሉ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚ አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ የሚጫወት ብዙ ሰው ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሱቅ ሄዶ ያስጭናል ወይ ከጓደኛው ይገለብጣል። እንደዚ የተጫነ ጌም አቺቭመንት የለውም፣ የደረስክበትን የሚይዘው ሴቭም ኦንላይን አይቀመጥለትም፣ ኮምፒውተሩ አስቸግሮ ፎርማት የተደረገ ቀን የሳምንታት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል። የኛ ሰው ጨርሶትም ይሁን ሳይጨርሰው የትም አይመዘገብም፣ በዛ ላይ ለማቋረጥ የሚዳርጉት ምክንያቶች ከማንም በላይ ብዙ ናቸው። ይሄን የማነሳው የትኛው ጌም እንዴት መሰራት አለበት የሚለው ውሳኔ በነዛ ቁጥሮች ላይ ተመስርቶ ስለሚወሰን ነው፣ እኛ እዛ ውስጥ የለንም።

ርዝመት ምክንያት አይደለም አልልም። ጃንዋሪ 2022 ላይ ቴክላንድ የሚባለው የፖላንድ ካምፓኒ ዳይንግ ላይት 2 ሊወጣ ሲል፣ ጌሙን ሙሉ በሙሉ ለመጨረስ ቢያንስ 500 ሰዓት ያስፈልጋል፣ ከዋርሶ ማድሪድ በእግር እንደመሄድ ነው ብሎ ለጠፈ። ሰዉ ይደሰታል ብለው ነው፣ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ ገና ሳይወጣ ደከመኝ ያለው ብዙ ነበር። ከዛ ወዲያው ዋናው ታሪክ 20 ሰዓት አካባቢ ነው፣ 500ው እያንዳንዷን ጥግ ለሚፈትሽ ሰው ነው ብለው ማብራሪያ ሰጡ። ያ አጋጣሚ ለኔ ብዙ ነገር ነው የሚያሳየኝ፣ ሰሪዎቹ ሰዓቱን እንደ እቃ ክብደት ነው የሚያዩት፣ በዶላር ስንት ሰዓት አገኘህ በሚል ሂሳብ፣ ተጫዋቹ ግን ከስራ መልስ ያለችውን አንድ ሰዓት ነው የሚያስበው።

የወጪው ጉዳይም አለ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2ን ለመስራት 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣ 2023 ላይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ታውቋል፣ ሚስጥር የሆነው ቁጥር በቀለም በደንብ ሳይሸፈን ቀርቶ ነው። የቀድሞው የፕሌይስቴሽን ኃላፊ ሾን ሌይደን ደሞ 2020 ላይ ከ12 እስከ 15 ሰዓት ወደሚሆኑ ጌሞች ብንመለስ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፣ እንዲህ አይነት ወጪ መቀጠል አይችልም በሚል። ዩቢሶፍትም አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ በርዝመቱ ብዙ ሰው ካስመረረ በኋላ 2023 ላይ ባግዳድ ውስጥ የሚካሄደውን ሚራጅን ሲያወጣ አጠር ያለ መሆኑን ዋና መሸጫው አድርጎት ነበር።

ግን ነገሩ ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዊቸር 3ን ከሁለቱ ትልልቅ ጭማሪዎቹ ጋር ጨርሶ እንደገና የሚጀምር ሰው አይኖርም ነበር። ያው ሰውዬ ደሞ 15 ሰዓት የማይሞላ ጌም ግማሽ ላይ ትቶ ታገኘዋለህ። ፊፋ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ያሳለፈ ሰው አውቃለሁ፣ ወር ሙሉ ሳይነካው ቆይቶ ቢመጣ አንድ ጌም ተሸንፎ ሁለተኛው ላይ ቦታው ይመለሳል፣ የሚያስታውሰው ታሪክ የለ፣ የሚፈልገው ሰው የለ፣ ኳሷ ያው ኳስ ናት። የታሪክ ጌም ላይ ግን መመለስ ራሱን የቻለ ስራ ነው።

ሬድ ዴድ 2ን ሁለት ወር ትተኸው ስትከፍተው የሚሆነውን ተመልከት። አንተ የምትጫወትበት ሰውዬ አርተር ሞርገን ዝናብ እየመታው የሆነ ጫካ ዳር ቆሟል። ለምን እዛ እንደሄደ አታውቅም፣ ምናልባት አደን ነበር፣ ምናልባት ከካምፑ የሆነ ሰው አምጣልኝ ያለህ ነገር አለ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው በፈረስ ይመጣል፣ ሰላም ልትለው ጆይስቲኩ ላይ ያለውን ኤል2 ትጫናለህ፣ ነገር ግን ሽጉጡ እጅህ ላይ ስለነበር ሰላምታው ቀርቶ ሰውየው ላይ አነጣጠርክበት። ይደነግጣል፣ ጋልቦ ሊከስህ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ህግ አስከባሪዎቹ መጡብህ። ልትሸሽ ትላለህ፣ ከፈረስህ ወርደህ ድንጋይ ጀርባ ትደበቃለህ፣ ጠመንጃህን ስትፈልግ ደሞ ኮርቻው ላይ ቀርቷል። ጌሙ እነዚህን ሁሉ በዝግታ፣ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንድ በአንድ አስተምሮህ ነበር፣ አሁን ግን ሁሉንም እንደምታውቅ አድርጎ ነው የሚቆጥርህ። አንተ ደሞ የከፈትከው ለአንድ ሰዓት ልትዝናና ነበር። ምዕራፍ 6 ያልደረሰ ሰው አርተርን በደንብ አያውቀውም ብዬ ነው የማምነው፣ ሰውየው እዛ ነው የሚታየው፣ እና ስንት ሰው እዚች ዝናብ ውስጥ ትቶት እንደቀረ ሳስብ ያናድደኛል።

የመጀመሪያው የሚረሳው እንግዲህ እጅ ነው። በተለይ ሰዓቱን ጠብቀህ መከላከል ያለብህ ጌሞች ላይ፣ ጣትህ ያወቀውን ነገር ጭንቅላትህ አያውቀውም፣ ስለዚ ቁጭ ብለህ አስበህ የምታስታውሰው አይነት ነገር አይደለም። ፍሮም ሶፍትዌር 2019 ላይ ባወጣው ሴኪሮ ውስጥ ሃንቤ የሚባል መሞት የማይችል ሰውዬ አለ፣ የፈረሰው ቤተመቅደስ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ስትፈልግ ሄደህ ሰይፍ ትለማመድበታለህ፣ ብትሸነፍ የምታጣው ነገር የለም። የተቀመጠው ለጀማሪ ነው፣ ነገር ግን ሶስት ወር ጠፍቶ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ አስር ደቂቃ ከሱ ጋር ተጋጥመህ እጅህ ሲመለስ ይታወቅሃል። እንዲህ አይነት ቦታ ሁሉም ጌም ውስጥ ለምን እንደማይኖር አይገባኝም።

የ2025 ሁለት ትልልቅ ጌሞችን ብናወዳድር ደስ ይለኛል። ክሌር ኦብስኩር ኤክስፔዲሽን 33 ኤፕሪል 2025 ላይ ወጣ፣ ሞንፔሊዬ ፈረንሳይ ያለው ሳንድፎል የሰራው ነው፣ ዋና ታሪኩ 30 ሰዓት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ጠላት የራሱ የምት ሰዓት አለው፣ ያንን ከረሳህ ትቀጠቀጣለህ፣ ግን በፈለከው ሰዓት የጨዋታውን ክብደት ታሪክ ወደሚባለው ቀላል ደረጃ አውርደህ መቀጠል ትችላለህ፣ ማንም አይቀጣህም። ብዙ ሰው ይሄን ጌም ጨረስኩት ሲል የምሰማው ታሪኩ ስለያዘው ብቻ አይመስለኝም፣ ጌሙ በሩን ስላልዘጋበትም ነው። ሆሎ ናይት ሲልክሶንግ ደሞ ሴፕቴምበር 2025 ላይ ወጣ፣ በ20 ዶላር፣ የወጣ ቀን ስቲምን ጨምሮ የመሸጫ ሳይቶችን አጨናንቆ ነበር። የአውስትራሊያዎቹ ቲም ቼሪ ሰባት ዓመት ያህል የደከሙበት ውብ ስራ ነው፣ ይሄን የማይል የለም። ነገር ግን ክብደት መምረጫ የለውም፣ ላስት ጃጅ የሚባለው ቦስ ጋ ስትሞት ደሞ ሴቭ ከምታደርግበት ወንበር ተነስተህ በአሸዋ ንፋስ መሀል እየዘለልክ እንደገና እሱ ጋ መድረስ አለብህ፣ ቦሱን ከመለማመድህ በፊት መንገዱን ትለማመዳለህ። ቲም ቼሪ ራሳቸው በመጀመሪያው አፕዴት መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ሁለት ቦሶችን ትንሽ አቅልለዋል። አንዳንዱ ያቺ የመልስ መንገድ የጌሙ መንፈስ ናት ይላል፣ እኔ አልስማማም። ኤልደን ሪንግ እኮ ከባድ ነው፣ ግን ብዙ ቦሶች አጠገብ የማሪካ ሀውልት አስቀምጦ ስትሞት እዛው ያስነሳሃል፣ ክብደቱ ምንም አልቀነሰም፣ የቀነሰው ብስጭቱ ነው።

ታሪክ መርሳቱ ቀላሉ ችግር ነው፣ መፍትሄውም ከተገኘ ቆይቷል። ዊቸር 3 ላይ ሴቭህን ስትከፍት በሚጫንበት ሰዓት እስካሁን የሆነውን በስዕልና በትረካ ያስታውስሃል፣ ሲሪ የምትባለውን ልጅ እየፈለክ እንደሆነ፣ የት ድረስ እንደሄድክ። አለን ዌክ 2010 ላይ እንደ ተከታታይ ድራማ ባለፈው ክፍል እያለ ነበር የሚጀምርልህ። ፋይናል ፋንታሲ 16 ደሞ 2023 ላይ የተሻለ ነገር አመጣ፣ ወሬ መሀል ላይ አቁመህ አሁን የተጠራው ሰው ማነው ይሄ ሀገር የቱ ነው ብለህ እዛው ማየት ትችላለህ፣ ከትዕይንቱ ሳትወጣ። እነዚህ የሚያስወጡት ወጪ ከሌላው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም፣ ግን አብዛኛው ጌም አሁንም የለውም፣ ሰዉ ዩቲዩብ ላይ ሄዶ ማጠቃለያ ይፈልጋል፣ እዛ ደሞ መጨረሻው ይነገረውና ጌሙን ከመጨረስ ይድናል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሀሳብህን መርሳት ነው፣ ማለት ምን ልሰራ ነበር፣ ይሄን እቃ ለምን ያዝኩት የሚለው። ኤልደን ሪንግ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ሲወጣ የምትሰራውን የሚመዘግብ ማስታወሻ የለውም፣ አንዲት ሴትዮ ግንብ ላይ አግኝታህ የሆነ ቦታ ሂድ ትልሃለች፣ ሁለት ሳምንት ቆይተህ ብትመጣ ማን ምን እንዳለህ የምታይበት ቦታ የለም። በወሩ በአፕዴት ያገኘሃቸውን ሰዎች ስም ማፑ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፣ ችግሩ እንደገባቸው ያሳያል፣ ግን ከዛ በላይ አልሄዱም። ባልደርስ ጌት 3 ደሞ ማስታወሻ አለው፣ እንዲያውም ረጅም ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው፣ አራት ሰው ትመራለህ፣ እያንዳንዱ የራሱ አስማት፣ የራሱ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ደሞ ለክፉ ቀን ብለህ ያጠራቀምከው መድሃኒትና ወረቀት። ይሄንን ሁሉ ያዘጋጀኸው አንተ ነህ ግን አሁን የሌላ ሰው ቤት የገባህ ነው የሚመስልህ።

እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ወጥመድ ውስጥ የሚገባው፣ ከመጀመሪያ ልጀምረው ይላል። ያስደስታል፣ ጌሙ እንደገና ያስተምርሃል፣ እጅህ ይመለሳል፣ ከዛ ድሮ ያቆምክበት ቦታ ስትደርስ ደክሞሃል፣ ወይ ደሞ ህይወት እንደገና ትጠራሃለች፣ ትተኸው ትሄዳለህ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ከመጀመሪያ። የጌሙን መጀመሪያ በቃሉ የሚያውቅ መጨረሻውን ግን ያላየ ሰው የሚፈጠረው እንደዚ ነው። ሰሪዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ መሰለኝ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ላይ የሚፈስሰው ድካም ከሌላው ይበልጣል። ስቲም ከ2015 ጀምሮ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወትከውን ጌም በ14 ቀን ውስጥ ብትመልስ ገንዘብህን ይመልስልሃል፣ ያቺን 2 ሰዓት ማሳመር ለሽያጭ የግድ ነው፣ 40ኛው ሰዓት ላይ ተመልሶ የመጣውን ሰው መርዳት ግን ገንዘብ አያመጣም፣ ሰውየው ከፍሎ ጨርሷል።

ካምፓኒዎቹ መመለስ ቀላል ሆኗል ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 2020 ላይ ኩዊክ ሪዙም የሚባለውን አመጣ፣ በእጅ የሚያዘው ስቲም ዴክም 2022 ላይ እንቅልፍ አስተኝተኸው ስታነሳው እዛው ያቆምክበት ሰከንድ ላይ ይጀምራል። አሜሪካ ሁለት ስራ እየሰሩ ሽፍት ለሽፍት መሀል ግማሽ ሰዓት ለሚያገኙ ወንድሞቻችን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እውነት ነው። ግን ማሽኑ የት እንደነበረ ያስታውሳል፣ አንተ አታስታውስም። ፍልሚያ መሀል ላይ ድንገት ይጥልሃል፣ ጆይስቲኩን በደንብ ሳትይዝ ሞተሃል።

እኛ ሀገር ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ልጅ ይሄን ችግር ከማንም በፊት ነው የሚያውቀው። ኳሱ በጌም ይከፈላል፣ የታሪክ ጌም ግን በሰዓት ነው፣ እና ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የተጫወትነው እንደዛ ነው፣ ሳንቲም የተገኘ ቀን። 8 ሜጋባይት ያላትን ሜሞሪ ካርድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጋራታል፣ ትናንት ሴቭ ያደረከው ላይ ሌላ ሰው ሴቭ አድርጎበት ታገኘዋለህ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ቤትህ ገብተህ ሴቭ ሳታደርግ መብራት ከሄደ ደሞ ያው ነው። ከቢግ ስሞክ ጋር ሞተር ላይ ሆነህ ባቡር የምታባርርባት ሚሽን ላይ ከወደክ ከሱ ቤት እንደገና ነበር የምትጀምረው፣ እየነዳህ የምትሄድበት ደቂቃ ሁሉ የተከፈለበት ነው። እሷን ያለፈ ደሞ በረሃው ላይ ያለው የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ይጠብቀዋል፣ ካልተመረቅክ ታሪኩ አይቀጥልም። እኔ ባደኩበት ሰፈር የጌሙን የመጀመሪያ ከተማ ሎስ ሳንቶስን ሁሉም በቃሉ ያውቃታል፣ የታሪኩን መጨረሻ ያየ ልጅ ግን ጥቂት ነበር። ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ በየሶስት ቀኑ ሃያ ደቂቃ ለሚጫወት ሰው ያ ጌም ቦታ አልነበረውም።

ሳን አንድሪያስን የሰራው ያው ሮክስታር 2013 ላይ ጂቲኤ 5ን ሲያወጣ ሚሽን መሀል ላይ ቼክፖይንት፣ ስትወድቅ የምትቀጥልበት ቦታ፣ አስገባ፣ 3 ጊዜ የወደክበትን ቦታ ደሞ ከፈለክ ዝለለው ይልሃል። ጌሙን ቀላል አደረገው ብሎ የሚያማርር ብዙም አልሰማሁም፣ ታሪኩን የጨረሰ ሰው ግን ሰፈሬ ውስጥ በዛ።

ሌሎቹም ሰሪዎች እንደዚ እስኪያደርጉ ተጫዋቹ ራሱ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ከማጥፋትህ በፊት ቀጥሎ የምትሰራውን በስልክህ አንድ መስመር ጻፍ፣ ወይ የማፑን ፎቶ አንሳ፣ ፍልሚያ ፊት ለፊት ላይ ሳይሆን ከተማ ወይ ካምፕ ውስጥ ገብተህ አቁም። ስትመለስ ደሞ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ዋናውን ሚሽን አትንካ፣ ደካማ ጠላቶች ያሉበት ሄደህ እጅህን መልስ፣ ክብደቱን አውርደው፣ ነውር የለውም። የተጫነልህ ጌም ከሆነ የሴቩን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጠው። እና ጌሙን ካልወደድከው ተወው፣ ሁሉም ጌም መጨረስ የለበትም፣ እኔን የሚከነክነኝ ሰው የወደደውን ጌም ሳይወድ በግድ ሲተው ነው።

ሮክስታር ጂቲኤ 6ን ለኖቬምበር 19፣ 2026 ቀጠሮ ይዞለታል። ማፑ ምን ያህል ሰፋ፣ ስንት መኪና አለ የሚለው ወሬ እስከዛ አያልቅም። እኔ የምፈልገው ከአንድ ወር በኋላ የከፈተውን ሰው ምን እንደሚለው ማየት ነው፣ የጌሙ ዋና ሰዎች ሉሲያና ጄሰን ምን ላይ እንደነበሩ ይነግረዋል ወይ፣ መሳሪያ የሚመዘዝበትን ቁልፍ ያሳየዋል ወይ፣ ወይስ መንገድ መሀል አቁሞት ፖሊስ እስኪመጣበት ይጠብቃል።